ፋሲል መዋኛ፦ ግንቡ ዛፍ ውስጥ እየጠፋብኝ ነው

የአዘዞ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ያላችሁም የሌላችሁም እርዱኝ።

የፋሲል መዋኛን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ እናቴ ሳሎን ልሰቅል አስቤያለሁ። 60 በ90 ሳንቲ ሜትር። ካሜራዬ ካኖን ነው፣ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18–55 ሚሊ ሜትር። ሄጄ አነሣሁ። ለእናቴ በላፕቶፕ ሳሳያት ዝም ብላ አየችና «ጥሩ ጫካ ነው፤ ግንቡ የታለ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አንደኛው ፎቶ ላይ ከግራም ከቀኝም ዛፍ አለ፣ ግንቡ መሃል ላይ ኩርምት ብሏል። በቅጠሎቹ መካከል ሰማዩ ነጭ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጋል። ግድግዳው ላይም የፀሐይ ጠብታ ተረጭቶበታል፤ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር ነው። ሁለተኛውን ጠጋ ብዬ ወደ ላይ ቀና አድርጌ አነሣሁት፤ ግንቡ ወደ ኋላ ሊወድቅ ይመስላል። ሦስተኛው እነዚያ የዛፍ ሥሮች አጥሩን እንደ ጣት ጨብጠው የያዙበት ቦታ ነው። በዓይን ሲታይ ጉድ የሚያሰኝ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን ቡናማና አረንጓዴ ቅልቅል ብቻ።

ከዚያ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ገባሁ። ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) ጨመርኩ፤ ቅጠሉ ፕላስቲክ መሰለ። ቀነስኩ፤ ሁሉም አመድ መሰለ።

የት ልቁም? ስንት ሰዓት ልሂድ? ኤዲቱንስ ከየት ልጀምር? ያነሣሁት ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ነበር፣ ፀሐይዋ አናት ላይ።

ቀፎ ብቻ

ብዙ አትጨነቂ። እኔ ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ነው የማነሣው። 2 ጊዜ ዙም አድርጊና ራቅ በይ። መስመር የሚያሳየውን ግሪድ ክፈቺ። የሚያስቸግርሽን ቅርንጫፍ ደግሞ አሁን ስልኩ ራሱ በኤአይ ያጠፋልሻል። ፊት ለፊት የቆመ ዛፍ አጥፍቼ ማንም አላወቀብኝም።

የድሮ ፊልም

እህቴ፣ እናትሽ ሙያ አላቸው። ዳኛ ከፈለግሽ ሩቅ አትሂጂ።

እኔ ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት ስሠራ ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮችን እዚያ ግቢ ነበር የምናነሣው። ሙሽሮቹ ቆመው ይስቃሉ፣ እኔ ከኋላቸው ካለው ግንብና ዛፍ ጋር እታገላለሁ። ስለዚህ ግቢውን በደንብ አውቀዋለሁ።

ችግሩ ዛፍ መብዛቱ አይደለም። ችግሩ ብርሃኑ ዛፉ ላይ መሆኑ ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደሚያበራው ነገር ነው። የጎንደር ድንጋይ ጠቆር ያለ ነው። ቅጠል ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። በ6 ሰዓት ስትሄጂ ፀሐይዋ የዛፉን አናት ታበራለች፣ ግንቡ ግን ከሥር ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ያመለጡ ጠብታዎች ብቻ ይደርሱታል። ካሜራሽም ምስኪን ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይችልም። ስለዚህ እናትሽ ጫካ ቢያዩ አይፈረድባቸውም።

ነገሩን ገልብጪው። ግንቡ ፀሐይ ያገኘበትን፣ ከፊቱ ያለው ዛፍ ግን ጥላ የሆነበትን ሰዓት ፈልጊ። ያኔ ያ ያስቸገረሽ ዛፍ ጥቁር መጋረጃ ይሆንልሻል። ግንቡ በመሃሉ እየበራ ይወጣል። ይህ የሚገኘው ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣውም የምትወርደውም። ትራይፖድ እስክትዘረጊ አትጠብቅሽም።

ስንት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በየትኛው ወር የሚለውም ይለያያል። ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ያን ጊዜ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፤ የፈለግሽውን ያህል ብትጠብቂ አይበራም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ግን ጎንደር ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በክረምት የበራውን ግድግዳ በበጋ ብትፈልጊው አታገኚውም። አንድ ቀን ካሜራ ሳትይዙ፣ አንቺና እናትሽ፣ ጠዋትና ማታ ዞር ዞር ብላችሁ የትኛው ፊት እንደሚበራ እዩ።

ፀሐይ ከሌለስ? ደመና ከሆነ ደስ ይበልሽ። በሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲያባራ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ የነብር ቆዳው ይጠፋል። ድንጋዩ ሲረጥብ ቀለሙ ይጎላል። ሥሮቹን ያኔ ነው ማንሣት። በፀሐይ ቀን ሥርና ድንጋይ አብረው ይዝጎረጎራሉ፤ በደመና ቀን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይታያል። ሰማዩን ግን ከፎቶው አስወጪው፣ ነጭ ሆኖ ያስቸግርሻል።

አሁን የት ትቆሚያለሽ የሚለው። በ18 ሚሊ ሜትር አጠገብሽ ያለው ግንድ ይገዝፋል፣ ግንቡ ያንሳል። ወደ ኋላ ሂጂ፣ ሌንሱን ወደ 50 አዙሪ። ዛፉና ግንቡ መጠናቸው ይቀራረባል፣ ግንቡ ወደ ፊት የመጣ ይመስላል። ቀፎ ብቻ ራቅ በይ ያለሽ ለዚህ ነው፣ በዚህ እስማማለሁ። ቦታ ከጠበበሽ ከዛፉ ሥር ገብተሽ ዛፉን ከኋላሽ አድርጊው። ከላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይግባ። ያ ቅርንጫፍ ግን የግንቡን አናት እንዳይቆርጥ። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ቅጠል ከተነካካ ሁለቱም ይበላሻሉ። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ብትይ በመካከላቸው ትንሽ ሰማይ ይከፈታል። ግማሽ እርምጃ! ፎቶ አንሺ ሁሉ ዙም ያደርጋል፣ እግሩን የሚያንቀሳቅስ ግን ጥቂት ነው።

ግንቡ ወደ ኋላ የሚወድቀው ካሜራውን ቀና ስላደረግሽው ነው። ካሜራውን ደረት ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢው። ከሥር ብዙ መሬት ይገባል፤ ይግባ፣ በኋላ ትቆርጪዋለሽ። የተረፈውን በላይትሩም አስተካክይ፤ አፕራይት የሚለው ውስጥ ጋይድድ አለ። መስመሩን በግንቡ ማዕዘን ላይ አስምሪ። ግንድ ላይ እንዳታሰምሪ፣ ዛፍ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ካደረግሽው ደግሞ ግንቡ ከላይ የሰፋ ይመስላል፤ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቅር። ይህ ሥራ ጠርዙን ስለሚበላ ስታነሺ ዙሪያውን ሰፋ አድርገሽ ተይ።

ራው በሚባለው፣ ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት አንሺ። ለሰማዩ ብለሽ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በግማሽ፣ ዝቅ አድርጊው። ጥላ ውስጥ የቀረ ድንጋይ በኋላ ይነሣል፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ሰማይ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ስለ ኤዲቱ። ሳቹሬሽን የሚባለውን ነገር እርሺው። ቅጠል አረንጓዴ ነው ብለሽ የአረንጓዴውን ቁልፍ ትነኪያለሽ፤ የቅጠሉ ቀለም ግን አብዛኛው ያለው ቢጫው ውስጥ ነው። ቢጫውን ትንሽ ቀንሺ፣ ብርሃኑንም ዝቅ አድርጊው። ፕላስቲኩ ወዲያው ይረግፋል። መጠንቀቅ ያለብሽ ግን በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራና ድንጋዩ ራሱም ቢጫ አለባቸው፣ አብረው ይገረጣሉ። ስለዚህ ግንቡን በማስክ ለይተሽ ሙቀቱን መልሺለት። ክላሪቲና ቴክስቸር (ዝርዝሩን የሚያጎሉት) ካስፈለገሽ ድንጋዩ ላይ ብቻ። ቅጠል ላይ ክላሪቲ ስትጨምሪ እያንዳንዱ ቅጠል «እኔን እዩኝ» ይላል። እንዲያውም ቅጠሉ ላይ ቀንሺው።

ቀፎ ብቻ፣ አንተ ደግሞ። ሽቦና የውኃ ላስቲክ አጥፋ፣ አልቃወምህም። ግን ዛፉን? የፋሲል መዋኛን ከሌላው ግንብ የሚለየው ዛፉና ሥሩ ነው። ዛሬ ያለው ዛፍ ነገ ላይኖር ይችላል። ያኔ የት ነበር ሲባል ፎቶ ነው የሚታየው። አንተ ያጠፋኸውን ዛፍ ልጅህ እንዳልነበረ ያምናል።

ቀፎ ብቻ

ጋሼ፣ ተቀበልኩ። የኔው ደግሞ ዋንዛ ነው፣ መንደር ውስጥ ያለ፣ ቅርስ ምናምን አይደለም። 😄 ግን ላይትሩም ለሌለው ሰው ምን ይላሉ? እኔ ስናፕሲድ ነው ያለኝ።

የድሮ ፊልም

ስናፕሲድ ከበቂ በላይ ነው። ፐርስፔክቲቭ ግንቡን ያቀናልሃል። ሴሌክቲቭ የሚለውን ነጥብ ቅጠሉ ላይ አሳርፍና ብርሃኑንና ሳቹሬሽኑን ዝቅ አድርግ፤ ሌላ ነጥብ ግንቡ ላይ አሳርፍና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ፣ ስትራክቸሩንም ትንሽ። አለቀ። ኤችዲአር ስኬፕ የሚለውን ግን አትክፈተው። ስንት መልካም ግንብ ከሰል አድርጎ ሲያስቀር አይቻለሁ።

ዋንዛውንም አታጥፋው።

ጎንደሬው ከዲሲ

ከጋሼ በኋላ መናገር ይከብዳል፣ አንድ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

ግንቡ ገንዳው ውስጥ ነው የቆመው። ገንዳው ግን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ሲገባበት ሌላ ቦታ ይሆናል። ጥር 11 ቀን ሕዝቡ ስለሚሞላ ለግንብ ፎቶ አይሆንም፣ ያ የበዓል ፎቶ ነው። ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ፣ ውኃው ሞልቶ ሰው ሳይበዛ፣ በማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ብትሄጂ ግንቡም ዛፉም ውኃው ውስጥ ተገልብጠው ታገኚያቸዋለሽ። ካሜራውን ወደ ውኃው ዝቅ ባደረግሽው ቁጥር ነጸብራቁ ይጠነክራል። ውኃው ውስጥ ያለው ምስል ሁልጊዜ ከላይኛው ጠቆር ይላል፤ ኤዲት ስታደርጊ እኩል ላድርገው ብለሽ እንዳታበሪው፣ ውሸት ይመስላል።

ፖላራይዘር የሚባለው ሌንስ ፊት የሚገጠም ማጣሪያ ካለሽ ለቅጠል ምርጥ ነው። የቅጠሉን ብልጭታ ያጠፋል፣ በደመናም ቀን ይሠራል። ውኃ ፊት ግን ቀስ ብለሽ አዙሪው፤ አንደኛው ጎን ላይ ነጸብራቁንም ጠራርጎ ይወስደዋል። ብርሃንም ይበላል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ። ነፋስ ካለ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አታውርጂው፣ ቅጠል ይደበዝዛል። አይ.ኤስ.ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር፣ እናትሽን ካስቀየምሻቸው እዚያው ጎንደር ያለውን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ሞክሪ። እዚያም ያው ነው፣ ጥድና ወይራ ነው ግቢው። ግን ለቤተ ክርስቲያን አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ዋናው በር በምዕራብ ነው። ስለዚህ የፊት ለፊቱ ብርሃን ማታ እንደሆነ ሳትሄጂም ታውቂዋለሽ። አገር ቤት ስመጣ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው፣ ከ10 ሰዓት በኋላ። ሰው ስለሚሳለም መጀመሪያ አስፈቅጂ። ውስጥ ስትገቢ ፍላሽ እንዳታበሪ፣ ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ከነሐረጋቸው የተሣሉ ናቸው፣ ያሳዝናሉ።

ድሮን ብለው የሚመክሩሽ ካሉ ያለ ፈቃድ አይሞከርም። ከላይ ሲታይ ደግሞ ጭራሽ ዛፍ ብቻ ነው።

የእንጦጦ ጎረቤት

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ችግሬ የእናንተ ተቃራኒ ነው። የምኒልክ የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ግድግዳው ነጭ ነው። ዙሪያው ባሕር ዛፍ። ነጩ ግድግዳ ከዛፉ ብርሃን ይቀበልና አረንጓዴ ይሆናል፣ የታመመ ሰው ይመስላል። ቲንት የሚለውን ወደ ሐምራዊው ስስበው ግድግዳው ይድናል፣ ቅጠሉ ግን ይገረጣል። ምን ይሻላል?

ባሕር ዛፉን በተመለከተ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው። ግንዱ ቀጥ ያለና ቀጭን ነው፤ ራቅ ብዬ በግንዶቹ መካከል ቤቱን ሳየው የቆመ መስመር በመስመር ይሆናል። ምኒልክ ዛፉን ያስመጡት ማገዶ አልቆ ከተማዋ ልትፈርስ ስትል ነው፤ ስለዚህ ቤቱና ዛፉ አንድ ታሪክ ናቸው፣ አንዱን ያለ ሌላው ማንሣት ደስ አይለኝም።

የድሮ ፊልም

ቲንቱን ለሙሉው ፎቶ አትንካው። ግድግዳውን ብቻ በማስክ ይዘህ ትንሽ ወደ ሐምራዊ ሳበው። ሙሉ በሙሉም አታጽዳው። ዛፍ ሥር ያለ ነጭ ግድግዳ ትንሽ አረንጓዴ ቢኖረው ነው እውነት የሚመስለው። ወረቀት የመሰለ ነጭ ካደረግከው ቤቱ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይሆናል።

ግንዶቹን በተመለከተ፣ ጎበዝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ግንዱ በሩን ወይም መስኮቱን መሃል ለመሃል እንዳይከፍለው። ግድግዳው ባዶ በሆነበት በኩል ይለፍ።

የአዘዞ ልጅ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ የቢጫውን ነገር በድሮው ፎቶ ላይ ሞከርኩት። ፕላስቲኩ እውነትም ሄደ። ግንቡ ግን አሁንም ጨለማ ነው። ሻዶውን (ጥላውን የሚያበራውን) እስከ ጫፍ ከፍ ሳደርገው ድንጋዩ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ፣ ካሜራም ይዤ። «እኔ ነኝ የት እንደምትቆሚ የማሳይሽ» ብላለች። ሌላው ጭንቀቴ የ18–55 ካሜራ 60 በ90 ይችላል ወይ? እዚህ አንድ ማተሚያ ቤት በፊት ያሳተምኩትን አጨልሞ ነው የሰጠኝ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ብሩህ ነበር።

የድሮ ፊልም

አሸዋው የሚወጣው ብርሃን ያልነበረበትን ቦታ በግድ ስላበራሽው ነው። የ6 ሰዓቱን ፎቶ ተይው፣ ዕረፍት ይውሰድ። በ10 ሰዓት ግንቡ ራሱ ሲበራ ሻዶውን መንካትም ላያስፈልግሽ ይችላል።

ህትመቱን በተመለከተ፣ ካሜራሽ 24 ሜጋ ፒክስል ከሆነ ረጅሙ ጎን 6000 ፒክስል ነው። በ90 ሳንቲ ሜትር ሲዘረጋ በኢንች 170 ገደማ ይደርሳል። ሳሎን ላይ ከሶፋ ለሚታይ ይበቃል። 60 በ90 ደግሞ ከካሜራሽ ቅርጽ ጋር እኩል ነው፣ ሳይቆረጥ ይገባል። ለዚህ ነው ግንቡን በክሮፕ አምጪው ያላልኩሽ፤ ግማሹን ከቆረጥሽ ፒክስሉም ያልቃል። በእግርሽና በሌንሱ አምጪው።

መጨለሙ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ስክሪን ከኋላው መብራት አለው፣ ወረቀት የለውም። የላፕቶፕሽን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርደሽ ኤዲት አድርጊ። ያኔ ጨለማ የመሰለሽ ሁሉ ወረቀትም ላይ ጨለማ ነው። ከዚያ ሙሉውን ከማሳተምሽ በፊት ግንቡ ቅጠሉን የሚነካበትን ቦታ ብቻ ቆርጠሽ በትንሽ ወረቀት አሳትሚ፣ በዚያው መጠን። ዋጋው ትንሽ ነው። ወስደሽ የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ለጥፊና በቀንም በማታም እዪው፤ ከጨለመ ኤክስፖዠሩን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ድገሚ።

ወረቀቱ የማያብረቀርቀው ይሁን። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ወይም መስታወት ካስገባሽበት መስኮቱ ይታይበታል፣ ጥቁሩ ዛፍ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሳሎኑ መስኮት በየት በኩል ነው?

የአዘዞ ልጅ

ከሶፋው ፊት ለፊት። እንግዲያው መስታወት የለም።